በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሰዎች ስም

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የብሩክሰን ኮሌጅን የኳስ ሜዳ መስመር ሲያሰምር ኖረ። በገመድ፣ በነጭ ቀለም፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ። ጡረታ ሲወጣ ኮሌጁ ሰዓት አልሸለመውም፤ ወንበር ሰጠው። ክፍል ዘጠኝ፣ ረድፍ ሠላሳ አንድ፣ መቀመጫ ሃያ አንድ። ከላይ ነው፣ ጣሪያው ሥር፤ ተጫዋቾቹ ጉንዳን የሚያካክሉበት። አባቴ ሲሞት ቤቱን ወንድሜ ወሰደ፣ መኪናውንም ወንድሜ ወሰደ። ወንበሩን ግን አልለቅም አልኩ። ግትር ነሽ ይሉኛል። ነኝ። ቡድናችን «በቅሎዎቹ» ነው የሚባለው፤ እኔ ገና ሳልወለድ ስሜን አውጥተውልኛል።

መቀመጫ ሃያ ሁለት የፍርድ ቤቱ ዳኛ የኤሞሪ ላንግስተን ነው። የስታዲየሙ ዋና በር ላይ በድንጋይ የተቀረጸው ስም የአያቱ ነው። እኔ የዶሮ ፋብሪካ ሠራተኛዋ ኔልዳ ክሮው በዚያ ስም ሥር አልፌ ነው ወደ ወንበሬ የምወጣው። የዚያ ዓይነት ሰው ላይ ድረስ ምን አመጣው? ሚስቱ አዴል ፀሐይ አይስማማትም ነበር። ጥላ ፍለጋ ወጡ፣ በዚያው ቀሩ። አዴል መልካም ሴት ነበረች፤ ቅቅል ለውዟን ከነትኩሱ በወረቀት ከረጢት ይዛ ትመጣና ለኔም ታቋድሰኝ ነበር። ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ያኔ ሴት ልጁ ሜሬዲት ከታች ባለ መስታወቱ ክፍል ከትልልቆቹ ጋር እንዲቀመጥ ለመነችው።

«ከዚህ ጥሩ ይታያል» አላት።

በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወንበር ምንም ጥሩ አይታይም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀመጥን። በዓመት ስድስት ቅዳሜ። ከዚያ ውጭ ተያይተን አናውቅም፤ እሱ ኮረብታው ላይ፣ እኔ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ። ሁልጊዜም የምንጨቃጨቀው በአንድ ነገር ነበር። የኛ ኳስ በእጅ ተይዞ በትከሻ የሚገፋው ነው። ኳሱን አሥር ያርድ ወደ ፊት ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጣል። አራተኛው ላይ ሁለት ያርድ ከቀረ ጠንቃቃ ሰው ኳሱን በእግሩ መትቶ ያርቀዋል። ደፋር ይገፋል፤ ካልሆነለት ደግሞ እዚያው ተዋርዶ ኳሱን ለባላጋራ ያስረክባል።

«ይምቱት» ይላል ዳኛው፣ እርሳሱን በማስታወሻው ላይ እያሳረፈ።

«ይግፉ እንጂ! ምን ያስፈራቸዋል?»

«ቢወድቁስ ሚስ ኔልዳ?»

«ይወድቁና ይነሱ! ሰው እኮ ናቸው፣ ብርጭቆ አይደሉም!»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ይኸው ነው።

ያለፈው ኅዳር የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ዝናብ ነበር። የአባቴን ብርድ ልብስ ለሁለት ለበስነው። አራተኛ ሙከራ፣ ሁለት ያርድ። አሠልጣኙ ኳሱን አስመታው፤ በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። ልሳደብ አፌን ስከፍት ብርድ ልብሱ ሥር አንድ እጅ እጄን ያዘ። የሽማግሌ እጅ፣ ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ሚስ ኔልዳ» አለኝ ወደ ሜዳው እያየ፣ «በመስከረም የምነግርዎት ነገር አለኝ።»

«አሁን ይንገሩኛ።»

«ዝናብ ነው።»

«ዝናብ ምላስ ይይዛል እንዴ ዳኛ?»

ሳቀ። «ሳላጠና ፈርጄ አላውቅም» አለ። ከዚያ ቀጣዩ ውድድር ሲጀመር ለመገናኘት በየዓመቱ እንደምንለው «መስከረም ላይ» አለ፤ እኔም «መስከረም ላይ» አልኩ። ደረጃውን ስወርድ ያ እጄ የኔ አልመስል አለኝ። የብርዱን ወራት ሁሉ እንደተበደርኩት ዕቃ ስጠነቀቅለት ከረምኩ።

* * *

መጋቢት ላይ ኮሮና መጣ።

እኛን ግን ማንም ቤት ተቀመጡ አላለንም፤ ሰው ዶሮ መብላት አይተውም። በመካከላችን ላስቲክ እንደ መጋረጃ ሰቀሉና ቢላችንን ይዘን ቆምን። ትሩዲ ከኔ ቀጥላ የምትቆመው ናት፤ በላስቲኩ ውስጥ ፊቷ ውኃ ውስጥ እንዳለ ዓሣ ይወላገዳል፣ አፏ ግን አላረፈም። ከመስመራችን ሦስት ሰው ቀብረናል። ቀብራቸው ላይ አልቆምንም፤ ከመኪናችን ሳንወርድ ነው የሸኘናቸው።

ኳሱስ? ሰኞ ይጫወታሉ ይባላል። ረቡዕ የለም ይባላል። ዓርብ ደግሞ ለጥር ተላለፈ፤ ቀጥሎ ግማሹን ብቻ ይጫወታሉ፤ ቀጥሎ ያለ ተመልካች፤ ቀጥሎ ከአራት ሰው አንዱ ይገባል። ፓስተራችን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ ሲሰብክ እኛ መኪናችን ውስጥ ሆነን «አሜን» በማለት ፈንታ ጥሩምባ እንነፋ ነበር። አንድ እሑድ ስለ ሕዝቡ ጤና ጸለየ፣ አንድ ሁለት ጥሩምባ ተሰማ። «ጌታ ሆይ፣ መስከረምን አትንሣን» ሲል ከተማው ሁሉ ጮኸ።

እኔም ነፋሁ። መዳፌ እስኪያመኝ ነፋሁ። ለሌላው መስከረም ኳስ ነው። ለኔ አንድ ሰው ሊነግረኝ ያለው ነገር ነው።

«ለምን አትደውዪለትም?» አለች ትሩዲ። «የዳኛው ስልክ እኮ የስልክ ማውጫው ላይ አለ።»

«ማን አለሽ እኔ የሰው ቤት ደዋይ?»

«በቅሎ!» አለችኝ።

ደውዬ ነበር፤ ለሷ አልነገርኳትም እንጂ። ሜሬዲት አነሳችው። «የላንግስተን ቤት» አለች። የጠበቃ ድምፅ ነው ያላት፤ ሰላምታዋ ራሱ ይመረምራል። ዘጋሁት። እናቴ በዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ልብስ ተኩሳለች፣ በጓሮ በር እየገባች፣ በጓሮ በር እየወጣች። «የላንግስተን ቤት» ሲባል የእናቴ እጅ ላይ የነበረው የካውያ ጠባሳ ነው ትዝ የሚለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም እጄ ከላዩ አልተነሣም።

* * *

በነሐሴ መጨረሻ ከኮሌጁ ፖስታ መጣ። ትምህርቴን በአሥራ አራት ዓመቴ ነው የተውኩት፤ ወረቀት ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ቀስ ብዬ አነበብኩ። ከአራት ሰው አንዱ ይገባል። ጎን ለጎን መቀመጥ የሚፈቀደው በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖሩ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ብቻውን፣ ዙሪያውን ባዶ ወንበር። እኔ ምንም ፎርም አልሞላሁም ነበር፤ ፖስታው ውስጥ ግን ካርድ አለ።

«በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሰዎች ስም፦ ላንግስተን፣ ኤሞሪ። ክሮው፣ ኔልዳ። መቀመጫ 22 እና 21።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ደሜ ፈላ።

በማግስቱ ከሥራ ወጥቼ፣ የዶሮው ሽታ ከላዬ ሳይለቅ፣ የቲኬት መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ከላስቲኩ ማዶ አንዲት ልጅ አለች።

«ይሄ ስህተት ነው» አልኳት። «እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው።»

ኮምፒውተሯን አየች። «ስህተት አይደለም ሚስ ኔልዳ። ፎርሙን የሞሉት ዳኛው ራሳቸው ናቸው። በእጃቸው ነው የጻፉት።»

«ምን ብሎ?»

«አብረው የሚኖሩ ብለው።»

አሁን ሌላ ሴት ብትሆን ምን እንደምታስብ አውቃለሁ። እኔ ግን የእናቴ ልጅ ነኝ። የክሮው ዘር በላንግስተን ጣሪያ ሥር በምን ገብቶ ያውቃል? በካውያ! ኳሱን ከሰው ጋር እያወራ እንዲያይ ብሎ ሠራተኛው አድርጎ ጻፈኝ አልኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለውዝ አብሬው የበላሁትን። እጄን የያዘው ሰውዬ።

«ሰርዢው» አልኳት።

«እርግጠኛ ነዎት? ከተሰረዘ ለሳቸውም ይነገራቸዋል።»

«ይነገራቸው! ክሮው የማንም ቤት ሰው አይደለችም በዪልኝ።»

ሰረዘችው። ቀጥ ብዬ ወጣሁ፤ በአያቱ ስም ሥር ሳልፍ ቀና እንኳ አላልኩም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን መክፈቻውን ከቀዳዳው ማገናኘት አቃተኝ።

* * *

ደብዳቤው የመጣው በሳምንቱ ነው። ያቺው ልጅ ናት ፋብሪካው በር ድረስ ያመጣችልኝ፤ «በኛ በኩል ነው የተላከው» ብላ። ፖስታው ላይ በቀጭን ቀለም «ለሚስ ኔልዳ ክሮው፣ ክፍል 9፣ ረድፍ 31፣ መቀመጫ 21» ይላል። የምሳ ሰዓት ነበር። ግቢው ውስጥ ባለው አግዳሚ ላይ ትሩዲ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ ተቀምጠን አነበብኩት።

«ሚስ ኔልዳ፤

ቤትዎን ስለማላውቀው በማውቀው አድራሻ ጻፍኩ። ስምዎ እንዲሰረዝ መጠየቅዎን ነግረውኛል። መልስዎን ተቀብያለሁ፤ ሳልጠይቅዎ መጻፌ ጥፋት ነው። አርባ ዓመት ዳኝቻለሁ፣ ሰው ሳልሰማ ፈርጄ አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ ሳልሰማ ፈረድኩ፣ እሱም በራሴ ላይ ሆነ።

በመስከረም የምነግርዎት ነገር ነበረኝ። መስከረም ግን የሚመጣ አልመስልህ አለኝ። ሐኪሙ የግራ ሳንባዬ ይህን በሽታ አይችለውም ብሎኛል። አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ሳስበው ከዚህ በኋላ የምቆጥረው ጊዜ ብዙ እንዳልሆነ ታየኝ፤ እሱንም ከማን ጎን ተቀምጬ እንደማሳልፈው አወቅሁ። ፎርሙ በማግስቱ መጣ። «በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሰዎች ስም» ይላል። እርሳሴ ሳላዘው ጻፈ።

ብቻዬን አልመጣም፤ ወንበሩን ግን አልለቀቅሁም፣ ባዶውን ይቆያል። እርስዎ ግን ይሂዱ። አራተኛው ሙከራ ላይ ስለኔም ይጩኹ።

ኤሞሪ ላንግስተን»

ወረቀቱን አጠፍኩት። መልሼ ዘረጋሁት።

«ምን ይላል?» አለች ትሩዲ። ወረቀቱን አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩትና ራቅሁላት፤ ተንፏቅቃ መጥታ አነበበች። ስትጨርስ ማስኳን ከአፏ አወረደች።

«ኔልዳ።»

«እ።»

«ሰውየው እኮ አግቢኝ ብሎሽ ነበር።»

«አየሁት።»

«አንቺ ደግሞ የቲኬት መስኮት ላይ ሄደሽ እንቢ አልሽው።»

«ትሩዲ፣ አየሁት አልኩሽ!»

«በመንግሥተ ሰማያት ጠረጴዛ ላይ ብትቀመጪ 'ስሜን በማን ሥር ነው የጻፋችሁት' ብለሽ ትነሺያለሽ አንቺ!» እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። እኔ መሳቁም ማልቀሱም አልመጣልኝ። ደወሉ ተደወለ፣ ቢላዬን ያዝኩ። ከሰዓት በኋላ ስንት ዶሮ እንዳለፈ አላውቅም፤ እጄ ይሠራል፣ እኔ ያ ዝናብ ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

* * *

ሐሙስ ዕለት የመስከረሙ ጨዋታ ተሰረዘ። ከተጫዋቾቹ አሥራ አንዱን ኮሮና ይዟቸዋል። ለመቼ ተዛወረ? አይታወቅም። ዘንድሮ ይኖር ይሆን? አይታወቅም።

ቅዳሜ ጧት እንደ ወትሮዬ ተነሣሁ። የበቅሎዎቹን ሹራብ ለበስኩ፣ ለውዝ ቀቀልኩ። የአባቴን ብርድ ልብስና ሁለት የወንበር ትራስ ይዤ የባቡሩን ሐዲድ ተሻገርኩ፤ ወደ ኮረብታው። የጓሮውን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በፊት ለፊቱ በር ሄድኩ። መጥሪያውን ተጫንኩና ስምንት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሼ ሣሩ ላይ ቆምኩ፣ ማስኬን አጥብቄ።

ሜሬዲት ከፈተች።

«ሚስ ክሮው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አባቴ እንግዳ አይቀበልም። በተለይ ደግሞ ከፋብሪካው...»

«የት እንደምሠራ አውቃለሁ ልጄ። ለዚህ ነው ሣር ላይ የቆምኩት። አባትሽን በሩ ላይ አቁሚልኝ፤ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው።»

«በስልክ ቢጠይቁትስ?»

«ደውዬ ነበር። አንቺ አነሳሽው።»

ሹራቤን፣ ትራሶቹን፣ ብርድ ልብሱን አየች። እሱ ላይ ዓይኗ ቆየ። «ይሄ ነው እንዴ ያ ብርድ ልብስ?» አለች፣ ጠበቃው ከድምፅዋ ወጥቶ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች።

ወጣ። ከስቷል። ማስኩ ግማሽ ፊቱን ውጦታል፤ ዓይኖቹ ብቻ ቀርተዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጎን ነው የማውቃቸው፤ ፊት ለፊት ሳያቸው ሰማያዊ ናቸው።

«ሚስ ኔልዳ» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ።

ስመጣ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። «በየትኛው በር ልታስገባኝ ነበር?» አልኩት።

«እንዴት?»

«ስሜን ስትጽፍ! እናቴ እዚህ ቤት ዘጠኝ ዓመት በጓሮ ገብታለች። እኔን በየትኛው በር ነበር ያሰብከው?»

ቀስ ብሎ ገባው። ሲገባው አየሁት፤ በዓይኖቹ ውስጥ አንድ ነገር ዝቅ አለ። የበሩን ቋሚ ያዘ።

«በዚህ» አለ። «አሁን እኔ በቆምኩበት።»

ግትር ሰው ሲያለቅስ አያምርበትም ብዬ ቁጣዬን አልለቅ አልኩ። «ወረቀት ላይ ዋሽተሃል። ዳኛ ሆነህ! አብራኝ ትኖራለች ብለህ።»

«አልዋሸሁም ኔልዳ። ቀኑ ሳይደርስ ቀድሜ ነው የጻፍኩት።»

ትራሶቹን ደረጃው ላይ አኖርኳቸው፣ አንዱን በዚህ ጫፍ፣ አንዱን በዚያ። ሜሬዲት ሜትር ይዛ ወጣች። በመሐላችን ዘርግታ ለካች፣ የኔን ትራስ ትንሽ ገፋ አደረገችው፣ እንደገና ለካች። «ስድስት ጫማ» አለችና በሩን ሳትዘጋ ገባች።

ተቀመጥን። እኔ በግራው፣ እሱ በቀኜ፣ እንደ ወትሮው። ችግሩ ከፊታችን ሜዳ የለም። ሣር፣ አንድ ዛፍ፣ መንገድ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኳሱን እያየሁ ነው ያወራሁት፤ አሁን ዓይኔን የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ። እሱም ጠፍቶበታል። ዛፉን ሁለታችን ትክ ብለን አየነው።

«ስድስት ጫማ» አለ በመጨረሻ፣ «ሁለት ያርድ ነው።»

«መሆኑን አውቃለሁ።»

«አራተኛ ሙከራም ነው። በኅዳር ልናገር አልኩ፣ ዝናብ ነው አልኩ። ስልክ አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ፎርም ጻፍኩ፣ ሰረዝሽኝ። ይኸው አራተኛው። ምን ላድርግ?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?» ዞሬ አየሁት። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጮኼ ስነግርህ ድምፄ ተዘጋ፣ አሁንም እኔን ትጠይቀኛለህ?»

ሳቀ፣ ሳሉም መጣበት፤ እስኪያልፍለት ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። ያን ጊዜ ነው ምን ላጣ እንደምችል ሆዴ ያወቀው።

«ኔልዳ» አለኝ ሲረጋጋ፣ «ታገቢኛለሽ?»

«ከፋብሪካው ፈቃድ እጠይቃለሁ» አልኩት። «አሥራ አራት ቀን ቤቴን ዘግቼ እቀመጣለሁ፣ እመረመራለሁ። ንጹሕ ከሆንኩ በዚያ በር እገባለሁ። ከዚያ በፊት አንድ እርምጃ እንዳትጠጋኝ።»

«ይህ አዎን ነው?»

«ፎርሙን ደግመህ ጻፈው። አሁን አልሰርዘውም።»

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ደወለ፤ ጨዋታው የሚጀመርበት ሰዓት። ከታች ከስታዲየሙ ማጥፋት የረሱት ማጉያ ይሁን ሆን ብለው ይሁን እንጃ፣ የበቅሎዎቹ መዝሙር ተነሣ። ባዶ ወንበር ላይ ሲዘፈን ድምፁ ሌላ ነው፤ ሰፊ ነው። ሳናስበው ሁለታችንም ብድግ አልን። እሱ ኮፍያውን አወለቀ። አባቴን አሰብኩ፣ አዴልን፣ ከመስመራችን ያለፉትን ሦስቱን። መዝሙሩ ሲያልቅ የሚጮኸው ሕዝብ አልነበረም፤ አንድ ወፍ ብቻ ነው የተሰማው።

ስንቀመጥ ብርድ ልብሱን ዘረጋሁት። የአባቴ ብርድ ልብስ ሰፊ ነው፤ አንዱን ጫፍ ወረወርኩለት፣ ሌላውን ያዝኩ። ሁለቱን ያርድ ሞልቶ በደረጃው ላይ ተንጣለለ። ፀሐይ ነበር፣ የሚበርደው ሰው አልነበረም። ቢሆንም ሁለታችንም እጃችንን ከሥሩ አገባን።

ከዚያ ጫፍ ቀስ ብሎ ሳብ አደረገው።

እኔም መልሼ ሳብኩ።